መናበብ፦ ከመቋሚያ እስከ ስክሪን

መርጡለ ማርያም ማኅሌት ሲቆም ያየ ሰው፣ ከበሮው ከቀደመ መናበቡ እንደሚፈርስ ያውቃል። እኔ ግን በኮምፒውተር ጨዋታ ረገድ ፍጥነትን ሁሉ ዕድገት አድርጌ እቆጥር ነበር፤ ታሪኩ አረመኝ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር፣ ጨረሩ ወደ ስክሪኑ አናት የሚመለስበትን ቅጽበት የሚያበስር ምልክት ከምስሉ ጋር ይላክ ነበር። «ቨርቲካል ሲንክ» የሚለው ስም የዚያ ቴክኖሎጂ ቅርስ ነው። ዛሬ በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚታደስ ስክሪን 140 ምስል ቢላክ፣ የተለያዩ ምስሎች ቁራጭ ባንድ ገጽ ተሰንጥቆ ይታያል። ሲንኩ ግራፊክስ ካርዱን ተራ በማስጠበቅ ይህን ያስቀራል፤ ዋጋው የተጫዋቹ ትእዛዝ ዘግይቶ መታየቱ ነው። የምስሉን ብዛት መገደብ ብቻውን ስንጥቁን አያጠፋም፤ ሙቀትንና የኃይል ፍጆታን ግን ይቀንሳል። ስለዚህ ስለ ማንኛውም መሣሪያ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከማለታችን በፊት «ከምን ጋር ይናበባል?» እንበል።