«ዲስከስ አባውት» ያለው ተማሪ ምን አጠፋ?

 

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ግሱን አውቀዋለሁ፤ የሚያዋርደኝ ከኋላው የሚመጣው ትንሹ ቃል ነው» ትሉኛላችሁ። ኦን ነው ኦፍ? ቱ ነው ፎር? ስብሰባ ላይ ጥሩ ሐሳብ ይዛችሁ «መስተዋድዱን ብስትስ?» ብላችሁ ዝም የምትሉ አላችሁ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ዲስከስ አባውት» ብሎ የተሳቀበትም አለ።

የተለመደው መልስ «ሕግ የለውም፣ ሸምድድ» የሚል ነው። መሸምደዱ አይቀርም። ግን ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በስሕተቱ እንደዚያ አይሸማቀቅም። እስቲ ዛሬ እሱን ላውጋችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ለዛሬ እንግሊዛዊ ካልተማረው በስተቀር የማይገባ ቋንቋ ነው። የስሞቹ መጨረሻ እንደ ሥራቸው ይለዋወጥ ነበር። ግእዝ የቀመሳችሁ ቶሎ ይገባችኋል፤ «ንጉሥ» ተሳቢ ሲሆን «ንጉሠ» እንደሚባለው ማለት ነው። «አመሰገነ» ሲሉ የሚመሰገነው ሰው አንድ ዓይነት መጨረሻ፣ የሚመሰገንበት ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት መጨረሻ ይይዛል። ፎር የምትባል ቃል ማስገባት አያስፈልግም ነበር። በኋላ እነዚያ መጨረሻዎች እየተሸራረፉ ጠፉ። ሥራቸውን ግን አንድ ሰው መረከብ ነበረበት። የተረከቡት ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። ዛሬ «ቴንክ ዩ ፎር» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

ትንንሾቹ ቃላት ራሳቸውም ባሉበት አልቆዩም። ዊዝን ውሰዱ። ዛሬ «ጋር» ነው የምንለው። ጥንት ግን ዋና ትርጉሙ «በተቃራኒ» ነበር። «ጋር» ለማለት ሚድ የሚባል ሌላ ቃል ነበራቸው። ቀስ በቀስ ዊዝ የሚድን ቦታ ወሰደና ሚድ ከቋንቋው ወጣ። ቅሪቱን የምታገኙት «ሚድዋይፍ» ውስጥ ነው፤ ዋይፍ ያን ጊዜ ሴት ማለት ስለነበር አዋላጇ «ከወላዷ ጋር ያለች ሴት» ናት። የዊዝ የድሮ ትርጉም ደግሞ «ዊዝስታንድ» ውስጥ አለ፤ መቋቋም፣ ተቃርኖ መቆም። «ፋይት ዊዝ» ስንልም አለ። እኛስ? «ከጠላት ጋር ተዋጋ» እንላለን፤ «ከወንድሙ ጋር ሆኖ ተዋጋ» እንላለን። አንዱ «ጋር» ፊት ለፊት ነው፣ ሌላው ጎን ለጎን። ማንም አማርኛ ተናጋሪ ግራ ሲገባው አላየሁም።

ቀጥሎ ሰሜኖቹ መጡ። ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ከዴንማርክና ከኖርዌይ የመጡ ሰዎች በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ሰፈሩ። ቴክ እና ጌት የእነሱ ቃላት ናቸው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ትንሿን ቃል ከግሱ ፊት መለጠፍ ይወድ ነበር። ፎርጊቭ፣ አንደርስታንድ፣ ኦቨርካም የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። እየቆየ ትንሿ ቃል ወደ ኋላ ሄደችና ጊቭ አፕ፣ ቴክ ኦፍ፣ በርን አፕ የሚባሉት በዙ። የሰፋሪዎቹ ቋንቋ ይህን አመል እንዳጠናከረው የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ።

ከዚያ በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። በእነሱ በኩል፣ በኋላም በተማሩ ሰዎች ብዕር፣ የፈረንሳይኛና የላቲን ቃላት ጎረፉ። እነዚህ ቃላት ብዙዎቹ መስተዋድዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ነው የመጡት። ኮንታክት ውስጥ ያለው «ኮን» በላቲን «ጋር» ነው። አፕሮች መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው «ወደ» ነው። ስለዚህ ግሱን ይዘን «ኮንታክት ዊዝ ሂም» ስንል «ጋር» ሁለት ጊዜ እንደ ማለት ይሆናል።

ይህ ግን ሁልጊዜ የሚሠራ ሕግ አይደለም። ዲፔንድ ራሱ ከላቲን የመጣ ነው፤ መነሻው «ከአንድ ነገር ላይ ተንጠለጠለ» ማለት ነው። ፈረንሳይኛ፣ ጣልያንኛና ጀርመንኛ ያንኑ ሥዕል ይዘው «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ይጠቀማሉ። እንግሊዝኛ ግን ኦን ላይ ተቀመጠ። ሥዕሉ አንድ ሆኖ መስተዋድዱ ተለያየ ማለት ነው። «ዲፔንድ ፍሮም» ያለ ሰው በሎጂክ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው በልማድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዲስከስ እንምጣ። እሱም የላቲን ዘር ነው። መነሻው «ነቅንቆ በታተነ» ማለት ሲሆን ከዚያ ነገርን በታትኖ መመርመር ሆነ። ተማሪው «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለውን አስቦ አባውት ይጨምራል። አባውት እኮ የኛው «ስለ» ናት! ከቤቱ ይዟት መጣ እንጂ ከሜዳ አላነሳትም። እንግዲህ ዲስከስን በ«ተወያየ» ሳይሆን በ«ተነተነ» አስቡት። «ጉዳዩን ተነተንን» እንላለን፤ «ስለ ጉዳዩ ተነተንን» ጆሮ ይቆረቁራል። ስሙ ሲሆን ግን፣ ማለትም ዲስከሽን ሲሆን፣ አባውት ይገባል። ቶክ ደግሞ የአገር ቤት ግስ ስለሆነ ያለ አባውት አይንቀሳቀስም።

«ዌይት ሚ» የሚለው ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ዌይት በኖርማኖቹ ፈረንሳይኛ «ጠበቀ» ነበር፤ ዘበኛ ቤት እንደሚጠብቀው። ያኔ ተሳቢውን በቀጥታ ነበር የሚወስደው። ትርጉሙ ወደ መቆየት ሲያዘነብል ፎርን አስከተለ። አማርኛ «ጠበቀ»ን ለሁለቱም ያውላል፤ «ዘበኛው ግቢውን ጠበቀ»፣ «እኔ አንቺን ጠበቅሁ»። «ዌይት ሚ» ያለው ልጅ ሳያውቀው የጥንቱን መንገድ ነው የሄደው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ለውጭ ሰው ማን አስረዳ? ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ታላቁን መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም በመግቢያው ላይ አንድ ነገር አመነ፤ ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ሲጣመር ለውጭ አገር ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው እሱ ነው አለ። ለዚህም ሲል ጥምሮቹን ተጠንቅቆ እንደ ሰበሰበ ጻፈ። ልብ በሉ፤ የእንግሊዝኛ ትልቁ ሊቅ ከ270 ዓመት በፊት «ይህ ከባድ ነው» ብሎልናል።

ነገሩን በሥርዓት የዘረጉት ግን ለንደን ተቀምጠው አይደለም፤ ቶኪዮ ነው። ሃሮልድ ፓልመር በ1922 ጃፓን ሄዶ በዓመቱ የእንግሊዝኛ ማስተማሪያ ጥናት ተቋም መሠረተ። በኋላ አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ሥራውን ቀጠለ። ጃፓኖቹ ተማሪዎች እንደ እኛ ተማሪዎች ነበሩ። «ቴል ሚ» ትክክል ከሆነ «ኤክስፕሌይን ሚ» ለምን አይሆንም? «ዋንት ሂም ቱ ጎ» ከተባለ «ሰጀስት ሂም ቱ ጎ» ለምን አይባልም? እንግሊዛዊ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም፤ ከእናቱ ወተት ጋር ጠጥቶታልና። ሆርንቢና ሁለት ባልደረቦቹ እያንዳንዱ ግስ ምን እንደሚያስከትል በ25 ንድፎች ከፋፍለው መዝገበ ቃላት ሠሩ። በ1942፣ በጦርነቱ መሐል፣ ቶኪዮ ታተመ። በ1948 ኦክስፎርድ እንደገና አወጣው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ የዚያ መጽሐፍ ልጅ ነው። የተወለደው ከተማሪዎች ግራ መጋባት ነው።

«የራሳቸውን ቋንቋ እንዴት አያዩትም?» ካላችሁ እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ዳኛው «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሲባል ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፤ አንዱ አሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሌላው ወህኒ ይወርዳል። ግሱ ያው ነው። የተለወጠችው አንዲት ፊደል ናት፤ ከ«ለ» እና ከ«በ» የመጣች፣ ግሱ ውስጥ የገባች መስተዋድድ። «መሰከረለት፣ መሰከረበት»። «ደረሰለት» ረዳው ነው፤ «ደረሰበት» ግን ወይ ያዘው፣ ወይ መከራ አገኘው። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ እዚህ ጋ ላብ ያጠምቀዋል። ሲሳሳት ግን «ጎበዝ፣ አማርኛ እየለመድክ ነው!» ብለን እናጨበጭብለታለን። ለራሳችን ልጅ ግን ይህን ትዕግሥት ስንነፍገው አያለሁ።

ለማንኛውም የእኔ ምክር ከሆርንቢ መጽሐፍ የተለየ አይደለም። ግስን ብቻውን አትመዝግቡ። ደብተራችሁ ላይ «ዲፔንድ» ብላችሁ ሳይሆን «ዲፔንድ ኦን» ብላችሁ፣ ከአንድ ከራሳችሁ ኑሮ ከተወሰደ ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፉት። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ትርጉሙን አይታችሁ አትዝጉ፤ ምሳሌውን አንብቡ፣ ከግሱ ቀጥሎ ምን እንደ መጣ እዩ። በቀን 2 ግስ ይበቃል። ስብሰባ ላይ ደግሞ ተናገሩ። በአንድ አባውት ምክንያት ጥሩ ሐሳብ አይቅር።

እናንተስ? እንደ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ያሉ ጥንዶች ካሏችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ፤ የሰበሰብነውን ሌላ ጊዜ አብረን እናየዋለን። እንግሊዝኛ ለሚያስተምር ወዳጃችሁም ሼር አድርጉለት።

ቸር ሰንብቱ!