ወደ ሮሐ የሚወስደው የምእመናን ጎዳና

በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መባቻ የነገሠው ቅዱስ ላሊበላ፣ በላስታ ተራሮች መካከል ባለችው በሮሐ 11 አብያተ ክርስቲያናትን ከአለት እንዳነጸ፣ ወንዙንም ዮርዳኖስ ብሎ እንደ ሰየመ፣ ይህንም ያደረገው ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልተቻለው ምእመን በአገሩ ሳለ ቅድስቲቱን ከተማ ይሳለም ዘንድ እንደ ሆነ ትውፊት ይመሰክራል።

በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮሐ የደረሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ያየውን ሲጽፍ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስከ መስጋት ደርሶ ነበር፤ ምእመናን ግን ከእርሱ አስቀድሞም ሆነ በኋላ፣ በሶና ቆሎ ሰንቀው፣ ቆላና ደጋውን በእግራቸው አቋርጠው፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ለሚውለው በዓለ ልደት ሲገሰግሡ ኖረዋል። የአገሩም ሰው የተሳላሚውን እግር አጥቦ፣ ካለው አካፍሎ መቀበልን ከአባቶቹ የወረሰው የጽድቅ ሥራ አድርጎ ይዞታል፤ በበዓሉም ካህናቱ ከፊሎቹ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዷ በሆነችው በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት አፋፍ፣ ከፊሎቹም ከታች በዐጸዱ ቆመው፣ ቤዛ ኵሉን በዝማሬና በሽብሸባ ይቀባበሉታል።

ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሕንጻውን ነው፤ ሕንጻውን ሕያው ያደረገው ግን የተሳላሚው ድካምና የተቀባዩ ርኅራኄ ስለ ሆነ፣ ቅርሱን ለማየት የሚነሣ ሁሉ ከአለቱ አስቀድሞ ይህን ሥርዐት ሊያከብር ይገባዋል።