ከአልጋ ሥር የተረፈችው ሸክላ

አቃቂ በሚገኘው የወላጆቼ ቤት፣ ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ ሸክላ አለች። አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ሳለ ከደመወዙ እየቆጠበ ባለ45 ዙር ሸክላዎችን ይገዛ ነበር። ጌታን ባገኘ ጊዜ ግን ሳጥኑን ግቢ አውጥቶ አንድ በአንድ ሰበራቸው። የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። አልነቅፈውም፤ ከምን እንደተላቀቀ የሚያውቀው እሱ ነው። ጉዳዩ የዘፈን ነው ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ያሰባችሁ ካላችሁ ግን ትንሽ ታገሡኝ።

ድሮ ባለ78 ዙሮቹ ላክ ከሚባል የነፍሳት ሙጫ ስለሚሠሩ፣ ሲወድቁ እንደ ጀበና ይሰበሩ ነበር። በ1941 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ከፕላስቲክ የተሠራው ባለ45 ዙር ወጣ፤ በየፊቱ አንዳንድ ዜማ ይይዛል። እኛ ጋር ሁሉም “ሸክላ” እንደተባለ ቀረ።

የአገራችን ሰው ድምፅ በሸክላ ላይ የተቀረጸው ቀደም ብሎ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጀርመን ከላኳቸው አንዱ ተሰማ እሸቴ፣ ኋላ ነጋድራስ፣ እዚያው ድምፃቸውን ቀርጸዋል። አቃቂም በ1927 ዓ.ም. የተመረቀ የሬዲዮ ጣቢያ ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱ በወረራው ዋዜማ ለዓለም የተናገሩት ከዚህ ነው። የሬዲዮ ድምፅ ግን ካልተቀረጸ አየር ላይ ይቀራል።

በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ከሃያ ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ሌሊት በባንዶች ደምቆ ሳለ የሚታተመው ሸክላ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. አካባቢ አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ መደብር ባለቤት ድንጋጌውን ጥሶ ዓለማየሁ እሸቴን ቀረጸና ሕንድ አገር አሳተመ። መታሰር ሊከተለው ይችል ነበር። ሸክላው ግን ተሸጠ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ ፊሊፕስና የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ዋነኞቹ ናቸው። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ባለ45 ዙሮች ታተሙ፤ ከ100 በላይ የሚሆኑት የአምሃ ናቸው።

ከዚያ ደርግ መጣ። ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ዘጋው፤ አምሃ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄደ። ካሴትም ገባ፤ ርካሽ ነበር፤ ማንም ቤቱ ይገለብጠዋል። እኛ ወንጌላውያን ለካሴት ውለታ አለብን፤ አብያተ ክርስቲያናት በተዘጉበት ዘመን መዝሙር ከቤት ወደ ቤት የተሻገረው በእሱ ነው። ግን የተገለበጠ ካሴት ስም የለውም። ማን ደረሰው? ኦርጋን የመታው ማን ነው? በእጅ የተጻፈው ስክሪብቶ ይደበዝዛል፤ ክሩ ይበላሻል።

ሸክላ ግን መሐሉ ላይ ክብ ወረቀት አለው፤ የዘፋኙ ስም፣ የአሳታሚው ስም፣ ብዙ ጊዜም የባንዱ ስምና ተራ ቁጥሩ ታትሞበታል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አንድ የማህሙድ አህመድ ሸክላ ሰምቶ ነው አዲስ አበባ ድረስ የመጣው፤ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ያወጣው “ኢትዮፒክስ” የተባለው ተከታታይ ሥራም በአብዛኛው ከእነዚያው ሸክላዎች የተገነባ ነው። ዛሬ ውጭ ያሉ ሰብሳቢዎች ለአንዲት ትንሽ የአምሃ ሸክላ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ያ ሁሉ ናፍቆት የዜማው ብቻ አይመስለኝም። በስልክ የምንሰማው ማንም ያልነካው ነው። ሸክላ ግን በየሦስት አራት ደቂቃው ተነስተህ ትገለብጠዋለህ፤ የሚንጫጫው ጭረት ከአንተ በፊት ሰው እንደሰማው ይነግርሃል።

አባቴ ማጫወቻ የለውም። ባለፈው ፋሲካ ቤት ሄጄ ስለ ሸክላዋ ስጠይቀው አወጣት፤ አቧራዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ወረቀቷ ላይ የዘፋኙ ስም ይነበባል፤ ከጎኑ በእርሳስ የአባቴ ስምና የገዛበት ቀን አለ። ለአፍታ አየት አድርጎ መልሶ ከአልጋው ሥር አስገባት፤ “ቡና ፈልቷል፣ ና” አለኝ።