ቅኝት
«ቅኝት» «ቃኘ» ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ሲሆን፣ አካባቢን ማሰስንም የክራርን ክሮች ማስተካከልንም ያመለክታል፤ ከዚህ ተነሥቶም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የመሰሉ ባለ አምስት ድምፅ ሥርዓቶች መጠሪያ ሆኗል። ቅኝት በኖታ ሲጻፍ፣ በመስመሮቹ መነሻ ላይ ተቀምጦ በግማሽ ከፍ ወይም ዝቅ የሚሉትን ድምፆች የሚያሳውቀው የቁልፍ ምልክት ለሰባት ድምፅ የተበጀ በመሆኑ፣ ጸሐፊውን ምርጫ ላይ ይጥለዋል፤ ከዶ የሚነሣው ትዝታ ማይነር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ሁለት ፍላት ብቻ ሲፈልግ፣ የተለመደው የዶ ማይነር ምልክት ግን በቅኝቱ የሌለውን ሲ ፍላት ይጨምራል። ከመተማ ዮሐንስ ማዶ በሱዳን የተለመደው፣ ግማሽ ድምፅ የሌለው ሥርዓት በአንጻሩ ከትዝታ ሜጀር ጋር ስለሚገጥም፣ ከዶ ሲነሣ ያለ ምንም ምልክት ይጻፋል።