ሞደሙን ከመቀየራችን በፊት፦ ከምኒልክ ስልክ እስከ ሳሎናችን ዋይፋይ



ከእናንተ አንዱ ሰሞኑን ከዳንግላ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ የቤታችን ኢንተርኔት እየተንቀራፈፈ ነው፤ አዲስ ሞደም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» አለኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሱን ከታሪኩ ልጀምር። የመስመሩን ታሪክ ያወቀ ብሩን በከንቱ አያወጣም።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ቤል ስልክን በስሙ ካስመዘገበ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመና የመዳብ ሽቦው በየከተማው ተስፋፋ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ያ ሽቦ የተዘረጋው ለሰው ድምፅ እንጂ ለቪዲዮ አልነበረም።

ኢንተርኔት በይፋ የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ በስልክ መስመር እየደወልን ነበር የምንገባው። ሞደም ማለት የኮምፒውተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ፣ ድምፁን መልሶ ወደ ቁጥር የሚቀይር አስተርጓሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የቤል ሞደም በሰከንድ 300 ቢት ብቻ ያስተላልፍ ነበር። የመጨረሻዎቹ የዳያል አፕ ሞደሞች 56 ኪሎ ቢት ደረሱ። በዚያ ፍጥነት 5 ሜጋ ባይት ፎቶ ለማውረድ 12 ደቂቃ ግድም ይፈጃል። ዛሬ «ተንቀራፈፈ» የምንለው ለዚያ ዘመን ሰው ተአምር ነው!

ቀጥሎ ኤዲኤስኤል መጣ። ጆሴፍ ሌክላይደር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ለመቀበያው ሰፊ፣ ለመላኪያው ጠባብ መንገድ ቢሰጥ አሮጌው መዳብ ብዙ እንደሚሸከም አሳየ። የሰው ድምፅ የማይጠቀምበት ከፍተኛ ሞገድ ሥራ ላይ ዋለ። ግን ይህ ሞገድ በርቀት ይደክማል። ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ ለጣቢያው ቅርብ ላለ ቤት እስከ 24 ሜጋ ቢት ሲሰጥ፣ 5 ኪሎ ሜትር ለራቀው በጣም ያንሳል። በዚህ ላይ የእኛን አገር ክረምት ጨምሩበት። የእንጅባራን ዝናብ ማን ይነግራችኋል? መገጣጠሚያው ውስጥ ውሃ ከገባ መዳቡ ይዝጋል፣ መስመሩም ይንጫጫል። ይህን ደግሞ አዲስ ሞደም አያድነውም።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት በቅደም ተከተል እንየው።

አንደኛ፣ ፓኬጃችሁን እዩ። 4 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋ ባይት ነው፤ በስምንት ይካፈላል። 600 ሜጋ ባይት ፊልም 20 ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ጥፋተኛ የለም።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሞደሙ ጋር አገናኙና ሌላውን ስልክ ሁሉ አጥፍታችሁ ለኩ። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከቀረፈፈ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው። ሞደሙን ከቁም ሳጥን ኋላ አውጡና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ የይለፍ ቃሉንም ቀይሩ። ጎረቤት አብሮ ይጠቀም ይሆናል!

ሦስተኛ፣ የቤት ስልኩን አንስታችሁ ስሙ። የሚንሿሿ ከሆነ መስመሩ ታሟል። የሞደሙን ገጽ መክፈት የምትችሉ ደግሞ «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለውን እዩ። ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መስመሩ ቶሎ ቶሎ ሊቆራረጥ ይችላል። ቁጥሩን ጽፋችሁ ለጥገና አመልክቱ። «ኢንተርኔት አልሠራ አለኝ» ከሚል ሰው ይልቅ ቁጥር ይዞ የሄደ ይደመጣል።

አራተኛ፣ መስመሩ ጤነኛ ሆኖ ሞደሙ በራሱ እየጠፋ የሚበራ፣ በጣም የሚግል፣ ወይም በገመድም ቢሆን የሚቀርፍ ከሆነ መጀመሪያ ቻርጀሩን ለውጣችሁ ሞክሩ። እንቢ ካለ ያኔ ሞደሙን መቀየር ተገቢ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለች፦ «ሰፈራችን ወደ ፋይበር ይቀየራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ፋይበር በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን ነው የሚልከው። የመዳቡ ሞደም ለዚያ አይሆንም፤ ዛሬ የገዛችሁት ነገ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ነገሩ የፌስቡክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ውጤት የሚታየውም በኢንተርኔት ነው። የገበሬ ልጅ ኮምፒውተር ለመልመድ የሚሄደው መስመር ወዳለው ዘመድ ቤት ነው። በአንድ ቤት የተስተካከለ መስመር ለሰፈር ልጆች ሁሉ ይተርፋል። ለማይረባ ሞደም የሚወጣው ብር ደግሞ ደብተርና እስክርቢቶ ይገዛል።

ስለዚህ ልጄ፣ መጀመሪያ ለካ፣ ከዚያ አመልክት፣ መግዛቱን መጨረሻ አድርገው። እናንተስ ሰፈር መስመሩ እንዴት ነው? የለካችሁትን ቁጥር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ አብረን እናየዋለን።