የቻርለስተን ቅርስ እና የከንቲባ ራይሊ 40 ዓመታት

በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በአትላንቲክ ዳርቻ የምትገኘው ቻርለስተን፣ በተከለለ ታሪካዊ ሠፈር ውስጥ የሚገኙ ሕንፃዎች ውጫዊ ገጽታ ያለ ፈቃድ እንዳይለወጥ የሚደነግግ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1931 በማውጣት ከሀገሪቱ ከተሞች ቀዳሚ ብትሆንም፣ ጥበቃው ለብዙ ዓመታት ያተኮረው በባለጸጎች መኖሪያ ላይ እንጂ ጡቡን ሠርተው ግንቡን ባነጹት፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን ታሪክ ላይ አልነበረም። ከ1975 መጨረሻ እስከ 2016 መጀመሪያ በ10 ተከታታይ የሥራ ዘመናት ከተማዋን የመሩት ጆሴፍ ራይሊ ከፍ ብለው ሊታዩ የሚገባቸው ይህን ጉድለት ለማረም በመሥራታቸው ነው።

የከተማዋ መለያ የሆነው ባህላዊ ቤት ጠባብ ጎኑን ለመንገድ የሚሰጥ፣ ስፋቱ ከአንድ ክፍል የማያልፍና የባሕር ነፋስ የሚቀበል ረጅም በረንዳ በጎኑ የተዘረጋለት ሲሆን፣ ከመንገድ የሚያስገባው በር የሚከፈተው ወደ ሳሎን ሳይሆን ወደዚሁ በረንዳ ነው። የራይሊ አስተዳደር በ1980ዎቹ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሲያስገነባ፣ ድሆችን በአንድ ግዙፍ ሕንፃ ከማጎር ይልቅ ቤቶቹን በዚህ ባህላዊ አሠራር አምሳያ በነባር ሠፈሮች መካከል በታትኖ ሠራቸው፤ ውበት ለድሃም ይገባዋል የሚለው እምነታቸው ከሁሉ በላይ የተገለጠው በዚህ ሥራ ነው።

ነገር ግን ሁሉም አልሠመረም። የተዳከመውን የኪንግ ጎዳና ለማነቃቃት የደገፉት ቻርለስተን ፕሌስ የተባለው ትልቅ ሆቴልና የገበያ ማዕከል በቅርስ ተቆርቋሪዎች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ከዓመታት ክርክር በኋላ በ1986 ተከፈተ። ንግዱ አንሰራራ፤ የቤት ዋጋ ግን አብሮ በመናሩ ብዙ ጥቁር ነዋሪዎች ከአሮጌው ከተማ ለቀው ወጡ፣ ይህም ከአስተዳደራቸው ታሪክ ሊነጠል የማይችል ከባድ ኪሳራ ነው።

ራይሊ በ2000 የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲቋቋም ሐሳብ ያቀረቡ ሲሆን፣ በመጨረሻ የተመረጠለት ቦታ እጅግ ብዙ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው የወረዱበት የጋድስደን ወደብ ነበር። መሬቱ ራሱ ቅርስ ነውና ሕንፃው በ18 ዓምዶች ላይ ከምድር ወደ 4 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲቆም ተደረገ። ራይሊ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላም ገንዘብ ማሰባሰቡን አላቋረጡም፤ ሙዚየሙ በሰኔ 2023 ለሕዝብ ክፍት ሆነ።