የዩቲዩብ ኤፒአይ ዊጀት

የዩቲዩብ ኤፒአይ ዊጀት (ጋጀትም ይባላል) በድረ ገጽ ላይ ተቀምጦ ቪዲዮዎችን ከዩቲዩብ እያመጣ የሚያሳይ ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ነው። ኤፒአይ ማለት አንድ ፕሮግራም ሌላውን የሚጠይቅበትና መልስ የሚያገኝበት የተወሰነ ደንብ ነው። ዊጀቱ በዚህ ደንብ አማካይነት የቪዲዮውን ርዕስ፣ ምስልና የተለቀቀበትን ቀን ይጠይቃል፤ ማጫወቻውንም ያዛል። ቪዲዮው ራሱ ግን ምንጊዜም ከዩቲዩብ ሰርቨር ይመጣል፤ በድረ ገጹ ውስጥ አይቀመጥም። በዚህም ምክንያት ዊጀት መስኮት እንጂ ጎተራ አይደለም።

ታሪክ

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተመሥርቶ በ2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። «ጋጀት» የሚለው ስም በዚያው ዘመን የተለመደው አይጉግል በተባለው የጉግል የግል መግቢያ ገጽ ሲሆን፣ ይህ አገልግሎት በኖቬምበር 2013 ተዘግቷል። የዩቲዩብ መረጃ ኤፒአይ ሁለተኛው እትም በ2015 ሲቋረጥ፣ ወደ ሦስተኛው እትም ያልተሸጋገሩ ዊጀቶች ሥራ አቆሙ። በፍላሽ ይሠራ የነበረው ማጫወቻም ቦታውን ለአይፍሬም ማጫወቻ ለቋል።

አሠራር

ዊጀት የሚሠራ ሰው በዋናነት ሁለት ኤፒአይዎችን ይጠቀማል።

* የአይፍሬም ማጫወቻ ኤፒአይ፦ በጃቫስክሪፕት ማጫወቻውን ያስጀምራል፣ ያቆማል፣ ወደ ሌላ ቪዲዮ ያሻግራል። ቁልፍ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ቪዲዮ የሚታወቀው 11 ምልክቶች ባሉት መለያ ነው። ማጫወቻው ያለበትን ሁኔታ በቁጥር ያሳውቃል፦ 1 ሲጫወት፣ 2 ለጊዜው ሲቆም፣ 3 መረጃ ሲጠብቅ፣ 0 ሲያልቅ።
* የመረጃ ኤፒአይ፦ ስለ ቪዲዮዎች፣ ቻናሎችና ፕሌይሊስቶች ይጠየቃል፤ መልሱን ጄሰን በተባለው የጽሑፍ ቅርጽ ይሰጣል። ከጉግል ክላውድ የሚወሰድ ቁልፍ ያስፈልገዋል። ቁልፉ በገጹ ኮድ ውስጥ ከተጻፈ ማንም ሊያነበው ስለሚችል፣ ከተፈቀደለት ድረ ገጽ ውጭ እንዳይሠራ መገደብ አለበት።

ምሳሌ፦ የአራቱ ቅኝቶች ገጽ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን የሚያስተዋውቅ ገጽ መሥራት ፈለገ እንበል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የአካባቢው ቦታዎች ስም ናቸው፦ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች ከተማ፣ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ያለ ወረዳ ነው። ሥራው የሚከተሉት ደረጃዎች ይኖሩታል።

1. ለእያንዳንዱ ቅኝት አንድ ፕሌይሊስት በዩቲዩብ ማዘጋጀት፤
2. ፕሌይሊስቱን በመረጃ ኤፒአይ ጠርቶ ርዕሶቹንና ምስሎቹን መደርደር፤
3. ተመልካቹ ምስሉን ሲነካ ብቻ ማጫወቻውን መክፈት፤
4. ዘፈኑ ሲያልቅ (ቁጥር 0 ሲመጣ) ቀጣዩን ማስጀመር፤
5. የቪዲዮው ባለቤት በሌላ ድረ ገጽ እንዳይታይ ከልክሎ ከሆነ የስህተት ቁጥር 101 ወይም 150 ስለሚመጣ፣ ያን ቪዲዮ ማለፍ።

ሦስተኛው ደረጃ በሜጋባይት ጥቅል ለሚጠቀም ሰው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ሃያ ማጫወቻ በአንድ ጊዜ የሚከፍት ገጽ ዘፈን ሳይሰማበት ጥቅል ይበላል። ሃያ ትንንሽ ምስሎች ብቻ ያሉት ገጽ ግን ቀላል ነው።

ኮታ

ለአንድ ፕሮጀክት በመደበኛነት የሚሰጠው 10,000 የኮታ ነጥብ በቀን ነው። ፕሌይሊስት መጠየቅ 1 ነጥብ ሲያስከፍል፣ የፍለጋ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ 100 ነጥብ ሲያስከፍል ቆይቷል። በዚህ ስሌት ተመልካች በገባ ቁጥር ፍለጋ የሚያካሂድ ገጽ ከ100 ፍለጋ በኋላ ለዚያ ቀን ያቆማል። በአንጻሩ 400 ቪዲዮ ያለው ፕሌይሊስት በአንድ ጥያቄ ቢበዛ 50 ስለሚመጣ 8 ጥያቄ፣ ማለትም 8 ነጥብ ይፈጃል። ሰርቨሩ ዝርዝሩን በየሰዓቱ አንድ ጊዜ እያደሰ ለሁሉም ተመልካች ቢያቀርብ፣ የቀኑ ወጪ 192 ነጥብ ብቻ ይሆናል። ኮታው የሚታደሰው በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ሲሆን፣ ይህ በኢትዮጵያ እንደ ወቅቱ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው።

የአማርኛ ጉዳዮች

ፍለጋ። አንድ ስም በአማርኛ በተለያየ መንገድ ይጻፋል፤ «አምባሰል» እና «አንባሰል»፣ «አንቺ ሆዬ» እና «አንቺሆዬ»። በተጨማሪም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ እየተቀያየሩ ይገኛሉ። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሚጠይቅ ዊጀት ሌሎቹን ሊያጣ ይችላል። የፍለጋ ኤፒአይው «ወይም» የሚል ትርጉም ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ስለሚቀበል፣ ሁሉንም አጻጻፎች በአንድ ጥያቄ ማስገባት ይቻላል።

አድራሻ። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል፤ በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባም ወደ 9 ምልክቶች ይለወጣል። «ደሴ» የሚለው ቃል 18 ምልክት ይሆናል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ይህን ለውጥ ካላደረገ ጥያቄው ሊበላሽ ይችላል።

ቦታ። ደሴን ማእከል አድርጎ በ30 ኪሎ ሜትር ዙሪያ መፈለግ ይቻላል፤ ኮምቦልቻም በዚህ ክልል ውስጥ ትገባለች። ነገር ግን የሚገኙት አቅራቢው የቦታ መረጃ የሞላላቸው ቪዲዮዎች ብቻ ስለሆኑ፣ ቦታን ብቻ ተማምኖ ስብስብ መሥራት አያዋጣም።

ሰዓትና ቀን። ኤፒአይው ጊዜን የሚሰጠው በዓለም አቀፍ ሰዓትና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። 17:00 የሚል መልስ ሦስት ሰዓት ተጨምሮበት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ቀኑም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለብቻው መቀየር አለበት።

የአጠቃቀም ደንብ

የዩቲዩብ ደንብ ቪዲዮን አውርዶ ማስቀመጥን፣ ድምፁን ከምስሉ መነጠልንና ማጫወቻውን በሌላ ነገር መሸፈንን ይከለክላል። ማጫወቻው ቢያንስ 200 በ200 ፒክስል ሊሆን ይገባል። ከኤፒአይ የተገኘ ርዕስን የመሰለ መረጃም በአጠቃላይ በ30 ቀን ውስጥ መታደስ ወይም መሰረዝ አለበት። በኢትዮጵያ የዘፋኞች፣ የደራሲዎችና የድምፅ አሳታሚዎች መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠብቋል።

የግንኙነት መቋረጥና የስብስብ ዕጣ

የዊጀት ዋና ድክመት ጥገኝነቱ ነው። ባለቤቱ ቪዲዮውን ከሰረዘ፣ ቻናሉ ከተዘጋ ወይም መስመሩ ከተቋረጠ የሚቀረው ባዶ ሳጥን ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ ዩቲዩብን ጨምሮ በርካታ መድረኮች ለወራት ተገድበው ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በደቡብ ወሎ የተሠራ ገጽ ውጭ አገር ላለ ተመልካች ሊከፈት ሲችል፣ ዘፈኑ ለተወለደበት አካባቢ ግን አይከፈትም።

ስለዚህ የአካባቢ ዜማ ለማቆየት የሚሠራ ገጽ ከዊጀቱ ጎን የራሱ ጽሑፍ ያስፈልገዋል፦ የዘፈኑ ስም፣ የዘፋኙ ስም፣ ቅኝቱ፣ የተቀዳበት ቦታና ዓመት። ይህ በአዘጋጁ ተጣርቶ የተጻፈ ማስታወሻ ከኤፒአይ ስላልተገለበጠ የ30 ቀኑ ደንብ አይመለከተውም፤ ቪዲዮው ቢጠፋም አንባቢው የጠፋው ምን እንደሆነ ያውቃል። ድምፁን ራሱን ማቆየት ሲፈለግ ደግሞ ከባለመብቱ ፈቃድ አግኝቶ ዋናውን ቅጂ በቤተ መጻሕፍት ወይም በቤተ መዛግብት ማስቀመጥ ያስፈልጋል።